የዘጠኝ ወር ሕፃን በምልክት ማነጋገር አፉን ያዘገየዋል?

ኡሙ ሰሚር (ደሴ)

ሰላም ለናንተ ይሁን። ልጄ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው። ሲርበው ያለቅሳል፣ እንቅልፉ ሲመጣ ያለቅሳል፣ ሲሰለቸውም ያለቅሳል። የቱ ለቅሶ የምን እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንዲት አሜሪካዊት እናት ከልጇ ጋር አየሁ። ልጁ የኔን ሰሚር ነው የሚያክለው። የሁለት እጁን ጣቶች ሰብስቦ ጫፍ ለጫፍ ሲያጋጥማቸው «ጨምሪልኝ» ማለቱ ነው። ሲጠግብ መዳፎቹን ያገላብጥላታል። ወተት ሲያምረው ላም እንደሚያልብ ሰው እጁን ይጨብጣል፣ ይለቃል። ቀናሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ትናንት እራት ላይ ልሞክረው ስል አማቴ አዩኝ። «ደህናውን ልጅ ዱዳ ልታደርጊው ነው እንዴ?» አሉ። እኔ ሥራ ስውል ልጁን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልተስማሙ ነገሩ አይሆንም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እውነት አፉን ያዘገየዋል? ደግሞስ ምልክቱን ከነዚያ ቪዲዮዎች ልማር ወይስ የራሳችን አለ?

የባቲ ግመል

እናቶቻችን ሰባት ስምንት ልጅ ሲያሳድጉ የትኛው ልጅ ነው በምልክት ወተት ያዘዘው? አለቀሰ፣ ጠባ፣ ተኛ። አለቀ። የኔዋ ሁለት ዓመቷ ነው። ሪሞት ስትፈልግ ጣቷን ቀስራ ትጮሃለች። ከዚህ የበለጠ ቋንቋ ምን ያደርግላታል?

ጢጣ ሰፈር

ጣት መቀሰሩ እኮ ምልክት ነው፣ ግመል። ሳታውቀው አስተምረሃታል።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ ኡሙ ሰሚር። አፉን አያዘገየውም።

ሕፃን መረዳት የሚጀምረው ከመናገሩ በፊት ነው። ሰሚርን «አባባ መጣ» ስትይው ወደ በሩ አይዞርም? ገብቶታል ማለት ነው። ግን ቃል ለማውጣት ምላስ፣ ከንፈር፣ መንጋጋና ትንፋሽ አንድ ላይ መታዘዝ አለባቸው። እጅ ከነሱ ቀድሞ ይታዘዛል። አብዛኛው ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን የሚያወጣው ዓመት ሲሞላው አካባቢ ነው። ከስድስት ወሩ ጀምሮ ምልክት ያዩ ልጆች ግን ስምንትና አስር ወር ላይ በእጃቸው መመለስ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ፋሽኑ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ሊንዳ አክሬዶሎ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የገዛ ልጇን ታያለች። ሕፃኗ አበባ ባየች ቁጥር አፍንጫዋን እያሸተተች ታሳያለች። ምልክት ተብሎ ያስተማራት ሰው የለም። አበባን በማሽተት ጠራችው። ከዚያ ሱዛን ጉድዊን ከምትባል ባልደረባዋ ጋር ሆና ብዙ ሕፃናትን መከታተል ጀመረች። በ2000 ያወጡት ጥናት ምልክት የለመዱት ልጆች በንግግርም ትንሽ ቀደም ይላሉ የሚል ነበር። ገበያው የደራው በዚህ ነው። መጽሐፉ፣ ኮርሱ፣ ሥዕል ያለበት ካርዱ።

በኋላ እንግሊዝ አገር ኸርትፎርድሺር ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች 40 ሕፃናትን ከ8 ወራቸው እስከ 20 ወራቸው ተከታተሉ። ከፊሎቹ እናቶች ምልክት እንዲያሳዩ ተደረገ፣ ከፊሎቹ አልተነገራቸውም። በ2013 ውጤቱ ሲወጣ በልጆቹ ንግግር ላይ ልዩነት አልታየም። አልቀደሙም፣ ወደኋላም አልቀሩም። ልዩነት የታየው እናቶቹ ላይ ነው። ምልክት ያሳዩት እናቶች ልጃቸው ሳይናገር የሚያሳየውን ነገር ይበልጥ ያስተውሉ ነበር።

ስለዚህ «ልጅዎ ሊቅ ይሆናል» እያለ ኮርስ ለሚሸጥልሽ ሰው ገንዘብሽን አትስጪ። ለቅሶው እንዲቀንስልሽ ከሆነ ግን ሞክሪው። አንድ ነገር ብቻ አደራ። እጅሽ ሲሠራ አፍሽ አይዘጋ። ምልክቱን ስታሳዪው «ወተት» ብለሽ ቃሉንም በይው። ልጅ አፉን የሚፈታው ሲነገረው ነው።

ኡሙ ሰሚር (ደሴ)

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ ልበል አላህ ይስጥሽ ልበል? ሁለቱም ይስጡሽ። ከየት ልጀምር በይ?

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

አሜን ለሁለቱም። ሦስት አራት ነገር ይበቃል። ልጁ የሚወደውን ምረጪ፦ ጡት ወይም ወተት፣ ጨምሪልኝ፣ በቃኝ፣ ውጭ እንውጣ። «ዳይፐር» ብለሽ አትጀምሪ፣ ማን ይወደዋል። ነገሩ ከፊቱ እያለ፣ እያየሽ እያለ አሳዪው። ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ያሳየው። ለሳምንታት እንደ ግድግዳ ቁጭ ብሎ ሊያይሽ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን የተጣመመ ነገር ያሳይሻል። ጣቱን ማጋጠም አቅቶት ጡጫውን ቢያጋጭ «ጨምሪልኝ» ብሏል፣ ወዲያው ስጪው። እጁን ይዘሽ አታስተካክይ። ካልፈለገ ተይው። ምሳ ሰዓትን ፈተና አታድርጊበት።

አያት ነኝ (ቧንቧ ውሃ)

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

አንተ የባቲው፣ እናንተን በምልክት አላሳደግናችሁም ያለህ ማነው? ቡና ተፈልቶ ዱዓ ሲደረግ ሕፃኑን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ሁለት መዳፉን ዘርግተን አሜን እናሰኘው የለም? ክርስቲያኑም ቤት ሽማግሌ ሲመርቅ እንደዚሁ ነው። ዓመት ሳይሞላው ሰው እጁን ዘርግቶ ሲያይ ብቻውን ይዘረጋል። አሜን ማለት ግን ገና አይችልም። እና የትኛው የወሎ ልጅ ነው አሜን ሲል አድጎ ዱዳ የሆነ?

ለአማትሽ ይህን ንገሪያቸው ልጄ። የፈረንጅ ነው አትበያቸው። ዱዓ ላይ የምናደርገው ነው በያቸው።

የባቲ ግመል

እማማ፣ እጄን ዘርግቻለሁ። ተሸንፌያለሁ።

ኡሙ ሰሚር (ደሴ)

ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይቺ ሴትዮ ቤቷ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቡና ሊጠሩዎት ነው መሰለኝ እማማ።

ሐይቅ ዳር

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ መስማት የተሳነኝ ሰው ነኝ። ስለ ለቅሶ መቀነስ ስታወሩ ደስ ብሎኛል፣ ቀልዱም ጥሩ ነው። ግን ከኔ ወገን ሆኖ ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

የሚሰማ ልጅ ምልክት ባይማር ምንም አይቀርበትም። ዓመት ቆይቶ ይናገራል። የማይሰማ ልጅ ምልክት ካልተማረ ግን የሚቀርበት ቋንቋ ራሱ ነው። እኔ የታመምኩት ሕፃን ሆኜ ነው፣ ማጅራት ገትር ነበር ይላሉ። እናቴ ጎበዝ ነበረች። እኔና እሷ የራሳችን ምልክቶች ነበሩን፦ በሬ፣ እንጀራ፣ ውሃ፣ ተኛ፣ አባትህ መጣ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ስለ ነገ መነጋገር አንችልም። አያቴ ሲሞት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አያለሁ፣ የት ሄደ ብዬ መጠየቅ ግን አልችልም። ስም የሚባል ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት ከተማ ገብቼ እንደኔ ካሉ ልጆች ጋር ስማር ነው። ያኔ ደግሞ ትልቅ ልጅ ሆኛለሁ። እኩዮቼ ማንበብ ችለዋል።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ቆጠራ መስማት ከተሳናቸው አስር ልጆች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው የሚሰሙ ናቸው። ማለትም ልጁ ሲወለድ ቤት ውስጥ ምልክት የሚያውቅ ሰው የለም። ወላጆቻቸው ምልክት የሚጠቀሙ ሕፃናት ግን እንደማንኛውም ልጅ በሰዓቱ ነው ቋንቋ የሚይዙት። በ1991 ላውራ ፔቲቶ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ሆና እንዳሳየችው፣ እነዚህ ሕፃናት «ባባባ» «ዳዳዳ» የሚሉት በእጃቸው ነው። ትርጉም የሌለው፣ ግን ምት ያለው የጣት ጨዋታ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ የራሳችን አለ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ይባላል። የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዲግሪ ያስተምረዋል። ፊደላችንን ሳይቀር በጣት እንጽፋለን፦ ሆሄው በጣት ቅርጽ ይታወቃል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ይህ ግን ለሕፃን አይደለም፣ እሱ ገና «ሀ»ን አያውቅም። ከመማርሽ ካልቀረ ግን የአገርሽን ተማሪ። ሰሚር ሲያድግ ሰፈሩ ውስጥ እንደኔ ያለ ልጅ ቢገጥመው ይጫወታሉ። በአሜሪካኖቹ ግን ከኔ ጋር ወተት እንኳ ላያዝዝ ይችላል።

አባት ወልድያ

እንደምን አላችሁ። ይህን ገጽ ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ልጄ ሃያ ወር ሆኗታል። «እማ» እንኳ አትልም። ከኋላዋ ስሟን ስጠራት አትዞርም። ሳጨበጭብ አንዳንዴ ትዞራለች። በሩ በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች። ስለዚህ ትሰማለች እያልን ቆየን። ዘመድ ሁሉ «አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ይለኛል። ያየናት ባለሙያ ደግሞ «ጠብቁ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላት ታወራለች» አለን። ሐይቅ ዳር የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ አትጠብቅ። ማንም ጠብቅ ቢልህ አትጠብቅ።

በሩ ሲዘጋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ስታጨበጭብ ንፋሱ ይነካታል፣ ጥላህንም ታያለች። የማይሰማ ልጅም ለዚህ ሁሉ ሊዞር ይችላል። የቤት ፈተና አያረጋግጥም። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድና የመስማት ምርመራ ጠይቅ። ከወልድያ ተነስተህ መንገድ ሳትመታ አስቀድመህ ደውልና መሳሪያው መኖሩን አጣራ። አንደኛው ምርመራ ትንሽ ቱቦ ጆሮዋ ላይ ተደርጎ ድምፅ ይለቀቃል፣ ጤነኛ የውስጥ ጆሮ መልሶ የሚሰጠውን ደካማ ድምፅ መሳሪያው ያነባል። ሌላኛው ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ እየተለጠፈ ተኝታ እያለች የሚሠራ ነው። ሁለቱም አያምም። እሷ እንድትመልስ አያስፈልግም።

የጆሮ ኩክ ወይም ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይታከማል። ጆሮዋ መግሎ ያውቃል? ስትወለድ ሆስፒታል ተኝታ ጄንታማይሲን የሚባል፣ ጆሮ ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ተወግታ ነበር? ትኩሳት ጥሏት ያውቃል? ለሐኪሙ ንገረው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 34 ሚሊዮን ልጆች የመስማት ችግር አለባቸው፣ ከልጅነት የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት ከሚቻል ምክንያት የመጣ ነው። እባካችሁ እስከዚያ ዘይትም ጤና አዳምም ጆሮዋ ውስጥ አታንጠብጥቡ። አያቶች ይቅር በሉኝ።

ብዙ አገር አንድ ሕፃን በአንድ ወሩ እንዲመረመር፣ በሦስት ወሩ ችግሩ እንዲታወቅ፣ በስድስት ወሩ እርዳታ እንዲጀምር ነው የሚፈለገው። እኛ ጋ ስትወለድ የመረመራት የለም። የናንተ ጥፋት አይደለም። ከዛሬ ጀምር ብቻ።

ሐይቅ ዳር

ሲስተር ላይ አንድ ልጨምር። ምርመራው እስኪደርስ ምልክቱን ዛሬውኑ ጀምር። የምትሰማ ሆና ብትገኝ ምንም አልተበላሸም፣ ኡሙ ሰሚርም የምታደርገው እሱኑ ነው። የማትሰማ ከሆነች ግን ያገኘሃት ቀን ሁሉ ትርፍ ነው።

የባቲ ግመል

ይቺን ልጠይቅ፣ በቀልድ አይደለም። ምልክት ከለመደች ለመስማት የሚረዳ መሳሪያ ቢገጠምላት መናገር አይሰለቻትም? ቀላሉን ይዛ ከባዱን አትተወውም?

ሐይቅ ዳር

ጥያቄው ሁሌም ይመጣል፣ ስለዚህ አልተቀየምኩም። ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ፍራቻ እጃቸው ታስሮ ነው ያደጉት። «በአፍህ ተናገር» እየተባሉ።

መሳሪያው ሌሊት ይወልቃል። ስትታጠብ ይወልቃል። ባትሪው ያልቃል፣ ባትሪ ደግሞ ሱቅ ሁሉ አይገኝም። ተገጥሞላትም የሚመጣላት ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እስኪታወቅ ዓመት ሁለት ዓመት ይሄዳል። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ምን ልታወራት ነው? አእምሮዋ ቋንቋ የሚጠማበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ነው። ምልክት ያላት ልጅ መናገር ብትችል ትናገራለች። ባትችልም ቋንቋ አላት።

ጢጣ ሰፈር

እስካሁን የቀለድኩት እኔ ነኝ፣ አሁን በቁም ነገር ልምጣ። እናትና አባቴ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። እኔ እሰማለሁ። የመጀመሪያ ቋንቋዬ ምልክት ነው። አማርኛውን ከአያቴና ከጎረቤት ያዝኩት። አንድም ቀን አፌ ዘገየ ያለኝ የለም፣ እንዲያውም «ዝም በይ» ነው ሲሉኝ የኖሩት።

ለአባት ወልድያ እናቴ ታናሽ ወንድሜን እንዴት ታናግረው እንደነበር ልንገርህ። ቪዲዮዎቹ ላይ ይህን አላየሁም። እሱ በሚያየው አቅጣጫ እንጂ እሷ በቆመችበት አቅጣጫ አታናግረውም። ኳስ እያየ ከሆነ እጇን በኳሱና በፊቱ መካከል አስገብታ «ኳስ» ትላለች። ወይም ጭኗ ላይ አስቀምጣ ምልክቱን እሱ ሰውነት ላይ ትሠራዋለች። ለሕፃን ስትናገር እጇ ይዘገያል፣ ይሰፋል፣ ይደጋገማል፣ እናንተ ለልጅ ስትናገሩ ድምፃችሁን እንደምታቀጥኑት። ፊቷ አይሞትም። ምልክት በእጅ ብቻ አይነገርም። ጥያቄው ቅንድብ ላይ ነው፣ «አይሆንም» ፊት ላይ ነው። ስትፈልገው ትከሻውን በቀስታ መታ ታደርጋለች፣ ራቅ ካለ ወለሉን በእግሯ ትመታለች ወይም መብራቱን ታጠፋና ታበራለች። አገጩን ይዛ ፊቱን አታዞረውም። ልጅ እሱን ይጠላዋል።

ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ይማር። እናት ብቻ ከተማረች ልጅቷ የምታወራው ከአንድ ሰው ጋር ነው። እኔ በሰባት ዓመቴ ባንክ ቤትና ጤና ጣቢያ አስተርጓሚ ነበርኩ። እሱ ራሱ ሌላ ውይይት ይፈልጋል፣ አሁን አልገባበትም።

ኡሙ ሰሚር (ደሴ)

የኔ ጥያቄ ትንሽ ሆነብኝ። ግን ዜና አለኝ። አማቴ «ጨምሪልኝ»ን ለራሳቸው ለውጠውታል። ጣት ማጋጠሙን ትተው መዳፍ መዘርጋት አድርገውታል፣ እንደ አሜን። ሰሚር ዛሬ ገንፎ እየበላ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። ከዚያ ወዲህ ማን ያስቁማቸው። አሁን ምግብ በጨረሰ ቁጥር ዱዓ ያደርግልናል።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

ይሁን! ቤቱ ሁሉ ያንኑ እስካሳየው ድረስ ትክክል ነው። ለሰሚር ችግር የለውም። ለአባት ወልድያ ግን ይህ አይሠራም። እናንተ የፈጠራችሁት ብቻ እንዳይሆን፣ ሐይቅ ዳር ያለው የእናቱ ምልክት እንደቆመው ይቆማል። ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ተማሩ።

አባት ወልድያ

የአንገት በላይ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ደሴ ነው፣ መሳሪያው አለ ብለውኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ አልቅሳ ነበር። ትናንት ማታ ግን ጢጣ ሰፈር እንዳለችው ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ «ውሃ»ን ስታሳያት አገኘኋት። ምልክቱ ልክ ይሁን አይሁን አናውቅም። ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። የት ነው የምንማረው? ስሟንስ በምልክት እንዴት ነው የምንለው? በየፊደሉ ነው?

ሐይቅ ዳር

ለመማር የወረዳችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ልዩ ፍላጎት የሚባለውን ክፍል። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት ካለ መምህሩን ተዋወቅ፣ ብዙዎቹ ወላጅ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማህበርንም ደውለህ በአቅራቢያህ ማን እንዳለ ጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው ቤትህ ይግባ። ልጅቷ እንደሷ ያለ አዋቂ ትይ። እኔ ልጅ ሆኜ አንድም አላየሁም ነበር። ሳድግ የምሞት መስሎኝ ነበር።

ስሟን በየፊደሉ አትቁጠሩባት። የምልክት ስም የሚወጣው በማየት ነው። ጉንጯ ላይ ስርጉድ ካላት በሱ፣ ፀጉሯን የምትነካካ ከሆነች በሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው መስማት የተሳነው ሰው ነው። ስለዚህ እዚህ ልጽፍልህ አልችልም፣ ላያት ይገባል። ለቀጠሮው ስትመጡ ሐይቅ ከተማ መንገዳችሁ ላይ ነው። ቀኑን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ መናኸሪያው ጋ እጠብቃችኋለሁ።

የባቲ ግመል

እኔም ልምጣ? የኔዋ ለሪሞቱ ከጩኸት ሌላ ነገር ያስፈልጋታል።

ሐይቅ ዳር

ና። ግን ሪሞቱን ቤት ተወው።